አዲስ አበባን በገበታዋ፦ ወዳጅ ቤት ላረፈ እንግዳ የተዘጋጀ መመሪያ

ይህ መመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ወዳጅ ቤት አርፎ በአራት ወይም በአምስት ቀን ከተማዋን በምግቧ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው፣ ከክፍለ ሀገርም ይምጣ ከውጭ አገር፣ የተዘጋጀ ነው። ሆቴል ያረፈ ሰው ያሻውን ባሻው ሰዓት ይበላል። ወዳጅ ቤት ያረፈ ግን ሁለት ገበታ ይጠብቀዋል፤ አንዱ የከተማዋ፣ ሌላው የአስተናጋጆቹ። ብዙ እንግዳ የሚሳሳተው የመጀመሪያውን ብቻ አቅዶ ሁለተኛውን ሲረሳ ነው።

እኔም ከደሴ በመጣሁበት በአንድ ጉዞዬ ይህንኑ ስሕተት ሠርቻለሁ። ገርጂ ያለው ጓደኛዬ ቤት ከመግባቴ በፊት «ጥቂት ልቅመስ» ብዬ ሁለት ቦታ ጎራ አልኩና ጥብስ በላሁ፤ ፓስታም ደገምኩ። ቤት ስደርስ እናቱ ከዋዜማው ጀምረው ሽንኩርቱን ያቁላሉለት ዶሮ ወጥ ቀረበ። ፈረሰኛውን ለእኔ አውጥተው ነበር፤ እኔ ግን ጥቂት ገምጬ እጄን ሰበሰብኩ። እማማ «ልጄ፣ አልጣፈጠህም እንዴ? ጨው በዛበት?» ብለው መረቁን ራሳቸው ቀመሱ። ጨው አልበዛበትም ነበር። ከዚያ ወዲህ የምከተለው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

1. ከመነሣትዎ በፊት የቀን መቁጠሪያውን ይመልከቱ

የአዲስ አበባ ወጥ ቤት ለጾምና ለፍስክ ይታዘዛል። ረቡዕና ዓርብ አብዛኛው ምግብ ቤት የጾም ምግብ በስፋት ያቀርባል፤ ሥጋ ቤቶችም በእነዚህ ቀናት ይቀዘቅዛሉ። 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ብዙ ሥጋ ቤቶች በራቸውን ዘግተው ግድግዳቸውን ቀለም ያስቀባሉ፤ ሠራተኞቻቸውም ወደየአገራቸው ይሄዳሉ። ስለዚህ ዋና ጉጉቱ ቁርጥና ክትፎ የሆነ ሰው በዐቢይ ጾም፣ ወይም ከነሐሴ 1 ጀምሮ ለ15 ቀን በሚጾመው በፍልሰታ ከመጣ ምርጫው ይጠብበታል፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና በሚዘልቀው በነቢያት ጾምም ቢሆን አስተናጋጆቹ የሚጾሙ ከሆነ ብቻውን ሥጋ ፍለጋ መውጣቱ አይቀርም። በአንጻሩ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ለሥጋ ወዳድ ከዚህ የተመቸ ወቅት የለም። የዐቢይ ጾም መግቢያ የሆነውን የቅበላ ሳምንት ግን ግፊያ የማይወድ ሰው ባይሞክረው ይሻላል፤ መቀመጫ የሚገኘው በትዕግሥት ነው።

ሌሎች ሁለት ወቅቶችም ሊታሰቡ ይገባል። በመስቀል ሰሞን በርካታ የጉራጌ ተወላጆች በዓሉን ለማክበር ወደ አገራቸው ስለሚገቡ መርካቶ ጭር ይላል፤ አንዳንድ ክትፎ ቤቶችም ሰው ያንሳቸዋል። ረመዳን ከሆነ ደግሞ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መርካቶ አንዋር መስጊድ አካባቢ መገኘት ያስደስታል፤ ተምሩ፣ ትኩሱ ሳምቡሳና ሾርባው ከየበሩ ይወጣል። የማይጾም እንግዳ ቢሆኑም ጿሚዎቹ እስኪያፈጥሩ ድረስ ባይቀምሱ ጨዋነት ነው።

2. ቀኑን ከአስተናጋጆችዎ ጋር ይከፋፈሉ

ይህ ከሁሉም የሚበልጠው ደረጃ ስለሆነ በስልክ፣ ገና ከመምጣትዎ በፊት፣ ቢጨርሱት መልካም ነው። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ምግብ የቤቱ ነው ብለው ይነሡ፤ ስለ እነዚህ ሁለቱ ድርድር አይኑር። ከዚያ በኋላ «ቅዳሜ ምሳ ሁላችሁንም እኔ ልጋብዛችሁ፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤት እንሁን» ብለው በግልጽ ቢናገሩ፣ የቤቱ እመቤት ሥጋ የምትገዛበትን፣ ሊጥ የምታቦካበትንና የምታርፍበትን ቀን ታውቃለች። እንጀራ የሚጋገረው በሦስትና በአራት ቀን አንድ ጊዜ በሆነበት ቤት፣ ሳይነገር ውጭ የሚበላ እንግዳ ሞሰቡን ያሻግታል።

በቀን ከአንድ በላይ ዋና ምግብ ውጭ አይብሉ። ቁርስና ቡና ለብቻቸው ይቆጠራሉ፤ ከዚያ በላይ የሚያቅድ ሰው በሦስተኛው ቀን ሆድ ድርቀት ወይም ተቃራኒው ይዞት ይቀመጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ የምትገኝ ስለሆነች ከቆላ ወይም ከባሕር ጠረፍ የሚመጣ ሰው በተለይ የመጀመሪያዋን ማታ ሆዱን ባይሞላ እንቅልፉ ይሰምርለታል።

የት እንደሚበላ ሲጠይቁም ጥያቄውን ያስተካክሉ። «ለእንግዳ ጥሩ ምግብ ቤት የት አለ?» ካሉ ባህላዊ ጭፈራ ወዳለበት ትልቅ አዳራሽ ይወስዱዎታል፤ ጭፈራው ደስ ይላል፣ ምግቡ ግን ብዙውን ጊዜ ለዓይን የተዘጋጀ ነው። «አንተ ከሥራ ባልደረቦችህ ጋር ምሳ የት ትበላለህ?» ብለው ከጠየቁ ግን በቆርቆሮ የተከለለ፣ ሽሮው በሸክላ እየተንተከተከ የሚመጣበት ቤት ይገኛል። አድራሻውንም በዕለቱ ደውለው ያረጋግጡ፤ ከ2016 ጀምሮ በኮሪደር ልማት ምክንያት በፒያሳ፣ ቀጥሎም በካዛንቺስ ብዙ ነባር ቤቶች ስለፈረሱ፣ ሁለት ዓመት የቆየ ጥቆማ ይዞ የሚሄድ ሰው ሰፊ የእግረኛ መንገድና አዲስ የተተከለ አበባ ሊያገኝ ይችላል።

3. በቁርስ ይጀምሩ

ቁርስ ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ከአስተናጋጆች ምሳ ጋርም አይጋጭም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ወደ አንድ ፉል ቤት ይግቡና ለሁለት ሰው አንድ ፉልና አንድ ጨጨብሳ ይዘዙ። ፉሉ ተደቁሶ በዘይትና በበርበሬ ይቀርባል፤ ከላዩ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ይነሰነስበታል፤ ዳቦው ትኩስ ካልሆነ ያለ ይሉኝታ እንዲቀየር ይጠይቁ። ጨጨብሳ በቅቤና በበርበሬ የታሸ ቂጣ ስለሆነ ማር ከጎኑ ሲመጣ ቃጠሎውን ያበርደዋል። ፈጢራ የሚሠራበት ቤት ካጋጠመዎ ሊጡ ሲዘረጋ ከሚታይበት ቦታ ይቀመጡ። «ስፔሻል» የሚለው ቃል በዚህ ከተማ ብዙ ጊዜ «እንቁላል ተጨምሮበታል» ማለት እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅም ከመገረም ያድናል።

4. ወደ ሥጋ ቤት ሲሄዱ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም ለአዲስ ሰው የሚከብደው የሥጋ ቤት ሥርዓት ነው። ሥጋው ከቄራ የሚገባው ማለዳ ስለሆነ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ቢደርሱ ምርጫ ይኖርዎታል፤ ከ8 ሰዓት በኋላ የሚመጣ ሰው የተረፈውን ይበላል። መጀመሪያ ወደ መቀመጫ አይሂዱ፤ ወደ መስኮቱ ይሂዱ። ነጭ ጋወን የለበሰው ቆራጭ ቢላዋውን እየሳለ «ምን ልቁረጥ ጋሼ?» ሲል «ጥሩውን» ብሎ መመለስ ራስን አሳልፎ መስጠት ነው። የተሰቀለው ሥጋ የቄራ ማኅተም እንዳለበት በዓይንዎ ይዩ፤ ከዚያም ብልቱን በስሙ ይጥሩ። ለስላሳና ቀይ የሚወድ ሽንጥ ወይም ጭቅና ይላል፤ ጮማ የሚወድ ሻኛ ወይም ፍሪምባ ያስቆርጣል፤ አጥንት መጋጥ የሚወድ ጎድን ያዝዛል። እኔ ለጀማሪ የምመክረው ቀይ ሥጋን ከጥቂት ሻኛ ጋር አደባልቆ ማስቆረጥ ነው፤ ብቻውን ጮማ ከአራት ጉርሻ በኋላ ይዘጋል።

ዋጋው በኪሎ ስለሆነ ሚዛኑ ላይ ከመውጣቱ በፊት ይጠይቁ፤ አጥንት አብሮ ይመዘን እንደሆነም ያጣሩ። ለሦስት ሰው አንድ ኪሎ ይበቃል፤ ግማሹን ቁርጥ፣ ግማሹን ጥብስ ማስደረግ የተለመደ ስለሆነ ማፈር አያስፈልግም። ጥሬ የማይበላ ወዳጅ አብሮ ካለም መፍትሔው ይኸው ነው። ጥብሱን ሲያዝዙ ደረቅ፣ ወይም ከሰል ባለበት ሸክላ የሚቀርበውን ብለው ይለዩ፤ ሳይለዩ ከቀሩ ሽንኩርትና መረቅ የበዛበት ሊመጣ ይችላል።

ቁርጡ በትሪ ሲመጣ ቢላዋ፣ እንጀራ፣ አዋዜ፣ ሚጥሚጣና ሰናፍጭ አብረው ይቀርባሉ። ከትልቁ ቁራጭ በግራ እጅ ይዘው አውራ ጣት በምታህል መጠን ይቁረጡ፤ ጮማውና ቀዩ በአንድ ጉርሻ እንዲገናኙ አድርገው በእንጀራ ይጠቅልሉና አዋዜው ውስጥ ጠቀስ ያድርጉ። ሰናፍጩን መጀመሪያ በጥቂቱ ይቅመሱት፤ አፍንጫ ላይ የሚወጣው ዘግይቶ ነው፣ ሲወጣም እንባ ያስከትላል። ሥጋ ቆርጠው በአፋቸው ይዘው በቢላዋ ወደ ላይ የሚቆርጡ አዛውንቶች ካዩ ያድንቁ እንጂ አይሞክሩት።

ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ሊያስይዝ እንደሚችል የማያውቅ አበሻ የለም፤ ቢሆንም ማስታወሱ ግዴታ ነው። ነፍሰ ጡር ሴቶች፣ ሕፃናትና ሆዳቸው ለአገሩ ምግብ ያልለመደ ከውጭ የመጡ ልጆች የበሰለውን ይብሉ። ከጉዞው በኋላ ምልክት የታየበት ሰው መድኃኒቱን በግምት ከመዋጥ ይልቅ ጤና ጣቢያ ቢሄድ ይመረጣል።

5. ክትፎን በተለየ ቀን

ክትፎና ቁርጥ በአንድ ቀን መብላት ሁለቱንም ማበላሸት ነው። ክትፎው ጅማት አልባ ከሆነ ቀይ ሥጋ ይከተፋል፤ በኮረሪማ የተነጠረ ቅቤና ሚጥሚጣ ይገባበታል፤ ደህና ቤት ከሆነ በጣባ፣ ከሥሩ ኮባ ተነጥፎበት ይመጣል። ሲያዝዙ ጥሬ፣ ለብ ለብ ወይስ የበሰለ መሆኑን ይናገሩ። ለብ ለብ ማለት ከላዩ ተለውጦ ከውስጡ ቀይ የቀረ ነው፤ እኔ የቅቤው ሽታ በደንብ የሚወጣው በዚህ ጊዜ ይመስለኛል፣ ይህን ስል ግን የወልቂጤ ወዳጆቼ ይስቁብኛል። አይብና ጎመን አብሮ መኖሩን ይጠይቁ፤ ቆጮም ያስጨምሩ፤ ክትፎን በእንጀራ ብቻ የሚበላ ሰው የቆጮውን ቀለል ያለ ኮምጣጣነት ያጣል፣ ቅቤውን የሚቆርጠው ደግሞ እሱ ነው። ከክትፎ በኋላ ውኃ ከመጠጣት ይልቅ ትኩስ ሻይ ወይም ቡና ይሻላል።

6. የእምነትና የጾም ልዩነት ያለበት ማዕድ

የአዲስ አበባ ወዳጅነት ብዙ ጊዜ ክርስቲያንና ሙስሊም ይቀላቅላል፤ የሥጋው እርድ ግን የተለያየ ነው። በዚህ ጊዜ የጋባዡ ኃላፊነት ማንንም «ትበላለህ ወይስ አትበላም?» በሚል ጥያቄ ሳያሳፍር ሁሉን የሚያስማማ ቤት መምረጥ ነው። የእኔ መልስ ሁልጊዜ በያይነቱ ነው። በአንድ እንጀራ ላይ ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ፎሶልያና ሽሮ ሲደረደር የሚጎድል ነገር የለም፤ ስልጆ ወይም የሱፍ ፍትፍት የሚጨምር ቤት ከተገኘ ደግሞ ያ ቤት ይያዝ። በያይነቱ ለመቅመስ የተሻለው ጊዜ ዐቢይ ጾም ነው፤ ወጥ ቤቱ ሌላ የሚያመካኝበት ነገር ስለሌለው ጥንቃቄውን ሁሉ እዚያ ላይ ያውላል። ሽሮ ሲያዝዙ ፈሰስ ያለውን ወይስ ወፍራሙን ተጋቢኖ እንደሚፈልጉ ይናገሩ፤ ቦዘና ከተባለ ግን ሥጋ ያለበት ስለሆነ ጾመኛ ፊት ስሙን አያንሡ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ደግሞ ማዕድ ላይ ባይከፍቱት ይመከራል፤ እህሉ ይቀዘቅዛል።

7. ቡናና ጭማቂ በመካከል

ከተማዋ ሁለት ዓይነት ቡና ታጠጣለች፤ ሁለቱንም ይቅመሱ። አንደኛው ከጣሊያን የተወረሰው የማሽን ቡና ነው። ፒያሳ የተጀመረውና ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቡና የሚቆላው ቶሞካ ዛሬ በተለያዩ ሰፈሮች ቅርንጫፎች አሉት፤ ማኪያቶውን እዚያው ቆመው ይጠጡ፣ ሲያዝዙም ጠቆር ወይስ ነጣ ያለ መሆኑን ይጨምሩ። ሁለተኛው በየመንገዱ ዳር ቄጠማ ጎዝጉዛ በረከቦቷ ኋላ የተቀመጠችው ልጅ የምታፈላው የጀበና ቡና ነው፤ ጤና አዳም ጣል ሲደረግበት መዓዛው ከሩቅ ይጠራል። በዚህች አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጦ አንድ ስኒ የሚጠጣ ሰው ስለ ሰፈሩ ምግብ ቤቶች ከማንኛውም ጥቆማ የበለጠ ይሰማል።

ጭማቂ ቤት ሲገቡ ስፕሪስ ይዘዙ፤ አቦካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ በየንጣፉ ተደራርበው ይመጣሉ፣ ሎሚም ይጨመቅበታል። ነገር ግን አንድ ብርጭቆ እንደ አንድ ምግብ ስለሚቆጠር ከምሳ በፊት አይጠጣም። በክረምት ከመጡ በከሰል የሚጠበሰውን በቆሎ ማለፍ አይገባም፤ ይህን ማንም ሊያስረዳዎት አያስፈልግም።

8. አንድ ግማሽ ቀን ለመርካቶ፣ አንድ ምሳ ለቦሌ ሚካኤል

መርካቶን የሚሄዱበት ለመብላት ሳይሆን ምግቡ ከየት እንደሚመጣ ለማየት ነው። በርበሬ ተራ ሲገቡ ማስነጠስዎ አይቀርም፤ መሐረብ ይያዙ። ገንዘብዎንና ስልክዎን ከፊት ኪስ ያድርጉ፤ የሰፈሩን ዋጋ የሚያውቅ ሰው፣ ቢቻል የቤቱን እመቤት፣ ይዘው ይሂዱ። ለአስተናጋጆችዎ የሚገዙትን ቡና ወይም ኮረሪማ እሷ መርጣ ብትገዛ ስጦታው ይበልጥ ይወደድልዎታል።

ቦሌ ሚካኤል ብዙ ሶማሌዎች የሚኖሩበት ሰፈር ስለሆነ ሩዙና የግመል ወተቱ እዚያ ይገኛል። ከሩዙ ጋር ሙዝ ሲቀርብ ለማጣጣሚያ ነው ብለው ወደ ጎን አያስቀምጡት፤ ከሩዙና ከሥጋው ጋር በአንድ ጉርሻ ይበላል። መጀመሪያ የተጠራጠረው ጓደኛዬ በሦስተኛው ጉርሻ ሁለተኛ ሙዝ አስጨመረ።

9. ሂሳብ

ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ በዝርዝሩ ላይ የተጻፈው ዋጋ 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ያካተተ መሆኑን ይጠይቁ፤ አንዳንድ ቤቶች የአገልግሎት ክፍያም ይጨምሩበታል። ሁለተኛና ዋናው፣ አስተናጋጅዎ እንዲከፍሉ አይፈቅድልዎትም። እጅዎን ይዞ፣ ምሎ፣ የምግብ ቤቱን አሳላፊ ገሥጾ ይከፍላል፤ በዚህ ግብግብ ያሸነፈ እንግዳ አላየሁም። ስለዚህ ምግቡ እንደቀረበ እጅ ሊታጠቡ የተነሡ መስለው ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ይሂዱና በቅድሚያ ይክፈሉ። ከ2013 ወዲህ በቴሌብር መክፈል ስለሚቻል ነገሩ ቀሏል፤ የስልክ መልእክቱ ድምፅ እንዳያጋልጥዎ ግን ድምፁን ይዝጉ። ወዳጅዎ ሲያውቅ ይቆጣል፤ ቁጣው እስከ ቡናው ይቆያል።

10. የመመለሻው ቀን

የመጨረሻው ምግብ የቤቱ እንደሆነ በደረጃ 2 ተስማምተዋል፤ ስለዚህ በዋዜማው ማታ ውጭ አይብሉ። አውቶቡሱ የሚነሣው ገና ጎሕ ሳይቀድ ከሆነ ታክሲውን ማታውኑ ይነጋገሩ። ለመንገድ የሚሆን ብስኩትም ሆነ ዳቦ አይግዙ። እርስዎ ተኝተው ሳለ እማማ ተነሥተው ቋንጣ ፍርፍሩን ክዳን ባለው ሳህን ሞልተው፣ በፌስታል ሁለት ጊዜ ቋጥረው በሩ አጠገብ አስቀምጠውታል። ተቀብለው ይሂዱ፤ ሳህኑን ግን በሚቀጥለው ጉዞ ባዶውን አይመልሱት።